ገረጋንቲ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀው ጉማሬ

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ሞቷል የተባለው ጉማሬ አልሞተም።

ጠዋት ቦርሳዬን ጠረጴዛ ላይ ሳላስቀምጥ ነው የታችኛው ቀበሌ ሊቀመንበር የደወለው። ጉማሬ ገረጋንቲ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሞቷል፣ ሳይሸት መጥታችሁ አንሱልን አለ። በወረዳችን የዱር እንስሳት ባለሙያ የምባል እኔ ብቻ ስለሆንኩ "አንሱልን" ማለት "አንሺልን" ማለት ነው።

ጉድጓዱን የቆፈረው መንገዱን የሚሠራው ድርጅት ነው። ለአዲሱ መንገድ የሚደለደለውን ገረጋንቲ አፈር አወጡበት፣ ሲበቃቸው ሳይደፍኑት ሄዱ፣ ክረምቱ ውሃ ሞላው።

የጽሕፈት ቤቱ መኪና ሰዎች ለስብሰባ ይዛ ሆሳዕና ሄዳለች። ከወረዳው ከተማ ከሀቢቾ በኪራይ ሞተር ወረድኩ፣ ከሹፌሩ ጋር ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ሞተሩ ጭቃው ላይ ሁለቴ ጣለን። በሁለተኛው ጉልበቴ ተላጠ።

ስደርስ የጉድጓዱ ዙሪያ ሠርግ ቤት መስሏል። ውሃው ቀይ ጭቃ ነው፣ መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ከዚያ ሁለት ትናንሽ ጆሮዎች ብቅ አሉና ተርገበገቡ። አፍንጫው ተከተለ፣ እፍ ብሎ ውሃ ረጨ። ሰዉ በአንድ አፍ ጮኸ። ጠለቀ። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው፤ ብቅ ሲል ይጮኻሉ፣ ሲጮኹ ይጠልቃል።

ወጣት ወንድ ይመስለኛል። ትልቁ ወንድ ወጣቶቹን ከመንጋው ያባርራቸዋል፣ እነሱም ክረምት ሲሆን ሌላ ውሃ ፍለጋ ይዞራሉ። ይሄኛው ኩሬ ያገኘ መስሎት ገባ። ሦስቱ ጎን ገደል ነው። የገባበት አራተኛውም በዝናብ ተንዶ ገደል ሆኗል። ሊወጣ ሲሞክር የተንሸራተተበት ቦታ ልክ በመጥረጊያ እንደተጠረገ ለስልሷል።

ለነገ፦
ዞን መደወል።
ድርጅቱን ስካቫተር መለመን።
ገመድ። ሰው እንዳይጠጋ።
ፖሊስ፣ ቢገኝ ሁለት፣ ካልሆነ አንድ።
ቦቲ ጫማ። የኔው ተቀዷል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ስልክ፣ ስልክ፣ ስልክ። ጆሮዬ ጋለ።

ዞን ያለው ባልደረባዬ ማደንዘዣ የሚተኩሱት ሰዎች ያሉት አዲስ አበባ ነው አለኝ። ደብዳቤ ከእኛ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ እነሱ ይሄዳል። እስከዚያ እንዳይሞት ተከታተሉት አለ። እንዴት ብዬ አልጠየቅኩትም፣ እሱም እንደማያውቀው አውቃለሁ።

ኃላፊያችን ደብዳቤውን ከመፈረሙ በፊት ብዙ አሰበ። ሦስት ቀበሌ ማዳበሪያ ዘግይቶበት በየቀኑ ሰው በሩ ላይ ይሰለፋል። ለሰው ያልደረሱ ለጉማሬ ደረሱ እንዳይሉን ነው የሰጋው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ደክሞታል። ሁላችንም ደክሞናል። ፈረመልኝ።

ከሰዓት በኋላ እንደገና ወረድኩ። ገበያ ቀን ስለሆነ ሕዝቡ እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ። ስፒከር የጫነች ባጃጅ ሙዚቃዋን ለቃ ቆማለች። ሁለት ጎረምሶች አንዱ ድንጋይ ይወረውራል፣ አንዱ በስልክ ይቀርጻል፤ አፉን እንዲከፍትላቸው ነው። የሚቀርጸውን ልጅ ስልክ ነጠቅኩት። ያን ጊዜ የቀረው ሰው በሙሉ ስልኩን አውጥቶ እኔን መቅረጽ ጀመረ። መለስኩለት።

ከሚጮኹት ሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን ዝም ያለው ሰው ነው። ጋሼ ላምቤቦ። የበቆሎ ማሳቸው ከጉድጓዱ በታች፣ ወደ ጊቤ ወንዝ በሚያወርደው በኩል ነው። ጦር ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የዛሬ ሁለት ዓመት ታናሽ ወንድማቸው በታንኳ ሲሻገር ጉማሬ ገልብጦት ሞተ። ሬሳው የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፣ በወረዳው ስም ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ወረድኩ። ምን እንዳልኩ ዛሬ አላስታውስም። እሳቸው ያስታውሱ ይሆናል።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እንደምን ዋሉ አልኩ። ዓይናቸውን ከውሃው አላነሱም።

"እስኪደክም እየጠበቅሁ ነው" አሉኝ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ጉልበቴ አብጧል። ደሳለኝ ጠዋት አይቶ ዛሬ እንኳ ብትቀሪስ አለኝ። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፣ ክረምት ስለሆነ ቤት ነው፣ ስወጣ ያየኛል፣ ስገባ ያየኛል። ቆጮና ጎመን ጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተልኝ።

እዚህ የምጽፈውን ለሱም አልነገርኩትም። ጉድጓዱ እንዲቆፈር የፈቀደው ቃለ ጉባኤ ላይ ፊርማዬ አለ። አምስት ነበርን። ቦታውን ማየት የእኔ ሥራ ነበር። መኪና አልነበረም፣ ዝናብ ነበር፣ ስብሰባው ቸኮለ። "በአካባቢው ላይ የጎላ ጉዳት አያደርስም" የሚለውን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ወንበሬ ላይ ሆኜ። ዛሬ ጉድጓዱ አጠገብ አንዲት አሮጊት፣ ያ ሜዳ እሳቸው ልጅ ሳሉም ጉማሬ ከወንዙ እየወጣ ሣር የሚግጥበት እንደነበረ ነገሩኝ። ሚስጥር አልነበረም። ማንንም ብጠይቅ ይነግረኝ ነበር።

መንገዱን ጠልቼ አይደለም። የደሳለኝን እህት ምጥ ይዟት በቃሬዛ ይህንን ዳገት ሌሊቱን ሙሉ ተሸክመናታል። እሷ ተረፈች፣ ልጁ አልተረፈም። መንገዱ ሲጀመር እልል ካሉት አንዷ ነኝ። ዛሬም እላለሁ። ግን መንገድና ያልተደፈነ ጉድጓድ አንድ አይደሉም።

ድርጅቱ ካምፕ ሄድኩ። ኢንጂነሩ ወጣት ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል። ዝናብ ሥራውን እንዳዘገየባቸው፣ ያለ ዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ስካቫተር ከመስመር ማውጣት እንደማይችል በትሕትና አስረዳኝ። ደብዳቤዬን ተቀብሎ ሌሎች ደብዳቤዎች ላይ ደረበው።

ስወጣ አንድ ሰው ተከተለኝ። ከድር ይባላል፣ የሆሳዕና ልጅ፣ የስካቫተሩ ኦፕሬተር። ያቺን ቦታ አውቃታለሁ አለ። ከሜዳው በኩል ጎኑን አጋድሞ ቢቆርጠው ከብት የሚወጣበት መንገድ ይሆናል፣ ከግማሽ ቀን አያልፍም።

"እንዴት አወቅክ?" አልኩት።

"እኔ ነኝ የቆፈርኩት" አለኝ።

ከዚያ አፌ ሳያማክረኝ፣ "እኔ ነኝ የፈረምኩት" አልኩ።

ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ከድር ኢንጂነሩን ማታ እንደሚያናግረው ነግሮኝ ተመለሰ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ተፈቀደ! እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ።

ለምን እንደተፈቀደ ከድር ነገረኝ። ድንጋይ የሚወረውረው ጎረምሳ ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ተዛምቶ አለቆቻቸው ጋ ደርሷል። የድርጅቱ ስም እንዳይነሳ ፈርተዋል። እኔ ሦስት ቀን በደብዳቤ ያልቻልኩትን ያ ባለጌ በአንድ ድንጋይ ሠራው።

ከድር ቢስሚላሂ ብሎ ጀመረ። መጀመሪያ የሞከረው ለመንገዱ በሚቀርበው በኩል ነው። ሁለት አካፋ እንዳወጣ ዳሩ ተናደ፣ ስካቫተሩ ወደ ውሃው አዘመመ። በዚያው ቅጽበት ጉማሬው ከውሃው ተስፈንጥሮ አካፋውን ነከሰ። ብረት ሲያፋጭ የሰማሁት ድምፅ አሁንም ጥርሴ ውስጥ አለ። ከድር እንደምንም ማሽኗን ወደ ኋላ መለሳት፣ አጥፍቷት ወረደ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ውሃ ሰጠሁት። ይቅርብህ፣ ልጆች አሉህ አልኩት። ከልቤ ነበር። እሱ ግን ውሃውን ጠጥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ዞሮ ከሩቁ ጎን፣ ከሜዳው በኩል፣ እንደገና ጀመረ።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ኢንጂነሩ ደወለ፣ ከድር ስልኩን አላነሳም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መውጫው አለቀ። ሁለት በሬ ጎን ለጎን ያስወጣል። ሣሩ ድረስ ይደርሳል።

ጤና ኬላዋን የምትጠብቀው አስቴር ቤት አድራለሁ። ሰዉን ሂዱ ብዬ ለመንኩ። ግማሹ ሄደ፣ ግማሹ ሲወጣ ሊያይ ባትሪ ይዞ ቀረ። ከፍ ብሎ ድንጋይ የሚፈጨው የድርጅቱ ክሬሸር ያጓራል፣ መብራቱ እስከዚህ ይደርሳል። ከወዲያ ማዶ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ኮንፈረንስ ላይ ናቸው፣ ሦስት ድምፅ ማጉያ ሰቅለዋል። መዝሙሩን አውቀዋለሁ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን አብሬ እዘምር ነበር።

ዛሬ ይወጣል። መውጣት አለበት።

አርብ፣ ነሐሴ 9

አልወጣም።

መውጫው ላይ አራት እርምጃ ያህል ዱካ አለ። እስከ ግማሽ መጥቶ ቆሟል፣ ከዚያ ዞሯል። የዞረበት ጭቃ ላይ እግሩ ጥልቅ ገብቷል። መንገዱ ተከፍቶለት የመለሰው የእኛ ጩኸት ነው።

እንግዲህ ቆፍረን ጨረስን፣ አሁን ዝም ማለት ብቻ ነው የቀረን። መቆፈሩ እንደሚቀል ዛሬ አወቅኩ።

ዝም ማለት ያለባቸው፦ ክሬሸሩ። ድምፅ ማጉያዎቹ። ባጃጆቹ። ሰዉ። ጋሼ ላምቤቦ (ጦራቸው ድምፅ የለውም፣ ግን እዚህ ይግቡ)።

መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። እነዚህ ልጆች ለኮንፈረንሱ ዓመት ሙሉ ተዘጋጅተዋል፣ ከዶዮገናና ከሙዱላ ሳይቀር እንግዳ መጥቶላቸዋል። ሁሉንም በአንድ ቀን ለምኜ ስለማልጨርስ፣ ነገ ማታ ድምፅ ማጉያውን እንዲያጠፉልኝ ጠየቅኩ። ከመሪዎቹ አንዱ፣ ትሑት ልጅ ነው፣ ፊቱ ተለዋወጠ። ለእንስሳ ብለን አምልኮ እናቁም ወይ አለ። የሚገባ ጥያቄ ነው። አንገቴን ደፋሁ።

ፓስተሩ ናቸው የመለሱት። "ማጉያውን አለች እንጂ አምልኮውን አላለችም" አሉ። "አምላካችን ያለ ስፒከርም ይሰማል።"

ነገ ማታ በባዶ ድምፅ ይዘምራሉ።

ከድር ከጁምዓ በኋላ መስጊድ በር ላይ ሰዉን አናገረልኝ። ሼኹም ማንም ልጁን ወደ ጉድጓዱ እንዳይልክ ተናግረዋል። ኢንጂነሩ ጋ አብረን ሄድን። ስለ ትናንቱ ከድርን ተቆጣው፣ እኔ ፊት። ተቆጥቶ ሲጨርስ ኢንጂነሩ ወንበሩ ላይ ተደገፈና፣ ክሬሸሩን ከነገ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋት አጠፋለሁ፣ አንድ ሌሊት፣ ከዚያ በላይ እንዳትለምኑኝ አለ። ዛሬ ማታ ግን ይሠራል።

ስለዚህ ዛሬም አይወጣም። ከገባ አንስቶ አንድ ንክሻ ሣር አልቀመሰም። እኔም ከትናንት ጀምሮ የደሳለኝን ቆጮ ቁራሽ ብቻ ነው የበላሁት፣ ረሃብም አልተሰማኝም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ደክሞታል። ጠዋት ስደርስ አገጩን ጭቃው ላይ አስደግፎ ተኝቷል። ቀረብኩ፣ አልጠለቀም። ዓይኑን ብቻ አዞረ። ቆዳው ከላይ ነጣ ብሎ ተሰነጣጥቋል። በጎኑ ድንጋይ ያገኘው ቦታ ቁስል አለ፣ ዝንብ ሰፍሮበታል።

ጋሼ ላምቤቦ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ጦሩ በእጃቸው ነው። ከውሃው ዳር እስከ ራሱ ከሦስት ክንድ አይበልጥም። የጠበቁት ቀን ደረሰ። ፖሊስ የለም፣ ሰው የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ። ሕጉን ልጠቅስላቸው አሰብኩ። ስንት ዓመት ሳስተምረው የኖርኩት ሕግ ነው። ሕጉን ልጠቅስ አፌን ስከፍት ወንድማቸው ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ረጅም ጊዜ አዩት። ዝንቡን፣ ቁስሉን፣ ጆሮውን። እንደ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል።

"ያኛው ትልቅ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ይሄ ልጅ ነው።"

ጦሩን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

"እኔ አልገድለውም፣ እህት አማረች። እንድወደው ግን አትጠይቂኝ።"

"አልጠይቅዎትም ጋሼ" አልኩ።

እጄን ይዘው አነሱኝ። ጦሩን መደገፊያ አድርገው ወደ ቤታቸው ወረዱ። ትንሽ ቆይቶ የሳቸው ሰፈር ሰው በሙሉ፣ ዛሬ ከመሸ ማንም ከደጁ እንዳይወጣ ብለዋል እያለ ወሬውን ሲቀባበለው ሰማሁ። ስንት ቀን ፖሊስ ስጡኝ ብዬ ለመንኩ፣ ለካ የሳቸው አንድ ቃል በቂ ነበር። ወንድሙ የሞተበት ሰው እንዲህ ሲል ማን ይከራከራል።

ከሰዓት ከአስቴር ጋር ሣር አጭደን መውጫው ላይ ከታች እስከ ላይ በተንተን። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሄድን። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ክሬሸሩ ቆመ። ለካ እስከዛሬ የወፍ ድምፅ የለም ያልኩት፣ ወፍ ጠፍቶ አይደለም። ከማዶ መዝሙሩ መጣ፣ በባዶ ድምፅ፣ ቀጭን ሆኖ። አስቴር በር ላይ ቆማ ሰማችና እንዲህ ሳይሻል አይቀርም አለች።

እኔ አልሄድም። ማንም አያይም። ማየት ነው እስካሁን የያዘው።

እሁድ፣ ነሐሴ 11

ወጥቷል።

ሲነጋጋ ሄድኩ። ውሃው ረግቷል። ጆሮ የለም፣ አፍንጫ የለም። ጎንበስ ብዬ ብዙ ጠበቅኩ፣ ቆይቶ ሞቶ ሰምጦ እንዳይሆን ፈራሁ። ከዚያ መውጫውን አየሁ። ሣሩ ተበልቷል፣ የተረፈው ተረጋግጧል። አራት ጣት ያለው ዱካ፣ ከታች እስከ ላይ፣ አንዴም ሳይዞር። ላይ ሲደርስ ሜዳው ላይ ብዙ ግጧል፣ ሳይቸኩል። መሬቱ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ብጠየቅ ድካም ነው እላለሁ፣ ውሸትም አይሆንም።

ከድር ጋ ደወልኩ። አልሐምዱሊላህ አለ። ሐሙስ ከተፈቀደው ሰዓት አልፎ መሥራቱ ሳይጠየቅበት አይቀርም። ለኢንጂነሩ የምስጋና ደብዳቤ እጽፍለታለሁ፣ የከድርን ስም ጠቅሼ፣ ምናልባት ይረዳው ይሆናል።

ዱካው በጋሼ ላምቤቦ በቆሎ መሃል አልፏል። ወዲያና ወዲህ ሳይል፣ አንድ መስመር፣ እንደ ጥርጊያ መንገድ። እሳቸው ማሳው ዳር ቆመው የወደቀውን አገዳ እየሰበሰቡ ለከብት ይከምራሉ። ይቅርታ አልኳቸው። አንቺ ምን አጠፋሽ አሉ። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ጉድጓዱ፣ በአገጫቸው አመለከቱ።

"እሱ ሄዷል። ያን አስደፍኚ። ነገ የሰው ልጅ ይገባበታል።"

አስደፍናለሁ አልኩ። ቃሌ ስንት እንደሚያወጣ አላውቅም። የመደፈኛውን ደብዳቤ ነገ ኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ አደርሳለሁ፣ የማዳበሪያው ሰልፍ ካሳለፈኝ።

ዱካውን ተከትዬ እስከ ጊቤ ወረድኩ። ከወንዙ አጠገብ ድንጋያማ ነው፣ እዚያ ጠፋኝ። መሻገሪያው ላይ ታንኳ የሚያቆመውን ሰው ወጣት ጉማሬ ሲገባ አይተሃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ንጋት ላይ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰምቷል፣ ምን እንደነበረ አላየም። ያውልሽ፣ እዚያ ናቸው፣ ለይተሽ ውሰጂ ብሎ ሳቀ።

ከወዲያ ዳር፣ ውሃው ፀጥ ባለበት፣ ጭንቅላቶች ይታያሉ። ብቅ ይላሉ፣ ይጠልቃሉ። አንዱ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ብቻውን ነው። እሱ ይሁን አይሁን መለየት አልቻልኩም።

ደብተሬን አወጣሁ። እዚህ ወንዝ ውስጥ ስንት ጉማሬ እንዳለ ቢሮአችን ውስጥ አንድም ወረቀት ላይ አልተጻፈም። በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፣ ለመቁጠር ወርጄ አላውቅም። እግሬን ዘርግቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ቆጠርኩ።

ስድስት። ምናልባት ሰባት።